መድኃኒት ሰባሪው ኢንዛይም በኮምፒውተር ሲታይ

በአማራ ክልል ባለችው በሐሙሲት ከተማ ልጁ በሳምባ ምች የተያዘበት፣ ቁስሉ መግል የቋጠረበት ወይም ሚስቱ ከወሊድ በኋላ ትኩሳት የያዛት ሰው የሚታዘዝለት መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቤተሰብ አይወጣም። ጤና ጣቢያው አሞክሳሲሊን ይሰጣል። ካልተሻለና ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ከተላከ በደም ሥር የሚገባ ሴፍትሪያክሶን ይጀመራል። እሱም እምቢ ካለ ሐኪሙ ሜሮፔነም ያዝዛል፤ ቤተሰብም ብልቃጡን ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራል። ሦስቱ በዋጋ ሰማይና ምድር ናቸው። ኃይላቸው ግን ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሦስት ካርቦንና አንድ ናይትሮጅን ተጣብበው በተያያዙበት፣ ቤታ-ላክታም በሚባለው ባለ አራት አቶም ቀለበት። ይህች ቀለበት ያለ ቦታዋ፣ ያለ ጊዜዋ ከተሰበረች የመድኃኒቱ ነገር አበቃ።

ባክቴሪያዎች ቀለበቷን የሚሰብር ኢንዛይም እንዳላቸው የታወቀው ዛሬ አይደለም። ኤድዋርድ አብርሃምና ኧርነስት ቼይን ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም ማግኘታቸውን ከኦክስፎርድ ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ1940 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ፔኒሲሊን ገና በሕሙማን ላይ በወጉ አልተሞከረም ነበር። አዲሱ ነገር ሌላ ነው። ኢንዛይሙ ቀለበቷን ሲሰብር አቶም በአቶም በኮምፒውተር መከታተል፣ አልፎም «ይህ ኢንዛይም ይህን መድኃኒት ይሰብረዋል ወይስ አይሰብረውም?» የሚለውን ጥያቄ በስሌት መመለስ እየተቻለ መጥቷል።

ስለዚህ ነገር በአገራችን ሲወራ ሁለት ዓይነት ስሜት አያለሁ። አንዱ ወገን «ይሄ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ኮምፒውተሩ ነገ ከነገ ወዲያ አዲስ መድኃኒት ይዞለት የሚመጣ ይመስለዋል። በእኔ ግምት ሁለቱም ስተዋል። ስሌቱ ለእኛም አቅም አይከብድም፤ ነገር ግን ከራሳችን ታማሚ ከተወሰደ ጀርም ካልተነሣ ስለ እኛ የሚነግረን ነገር የለውም። ጉድለታችን ያለው ከኮምፒውተሩ በፊት ነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ባክቴሪያ እንዳይፈነዳ የሚጠብቀው ግድግዳ አለው፤ ግድግዳውን እያያያዙ የሚሠሩ ኢንዛይሞችም አሉት። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ እነዚህ ኢንዛይሞች የሚጠብቁትን የግንባታ ዕቃ መስለው ይገባሉ። በኢንዛይሙ ጎድጓዳ ውስጥ ሴሪን የሚባል አሚኖ አሲድ ተቀምጧል። የሴሪኑ ኦክስጅን የቀለበቷን ካርቦን ይወጋል፣ ቀለበቷ ትከፈታለች፣ መድኃኒቱም ከኢንዛይሙ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ለሰዓታት አይላቀቅም። ግድግዳው ሳይሠራ ይቀራል፤ ባክቴሪያው ይሞታል።

መድኃኒት ሰባሪው ቤታ-ላክታሜዝም የሚጀምረው ልክ እንደዚሁ ነው። በ70ኛው ቦታ ያለው ሴሪን ይወጋል፣ ቀለበቷ ትከፈታለች፣ መድኃኒቱ ይጣበቃል። ልዩነቱ ከዚህ ወዲያ ነው። በ166ኛው ቦታ ያለው ግሉታሜት አንዲት የውሃ ሞለኪውል አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ከውሃዋ አንድ ፕሮቶን ሲወስድባት ውሃዋ መድኃኒቱን ከሴሪኑ ትቆርጠዋለች። የተሰበረው መድኃኒት ይወጣል፤ ኢንዛይሙ እንደነበረ ለሚቀጥለው ዝግጁ ይሆናል። አንድ አይጥ ይዞ የሚቀር ወጥመድ የሚገድለው አንድ አይጥ ነው፤ የያዘውን ጥሎ ራሱን መልሶ የሚዘረጋ ወጥመድ ቢኖር ግን ጎተራውን ሙሉ ባጸዳ ነበር። ሁለቱም ኢንዛይሞች መድኃኒቱን ይይዛሉ፤ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነው አለቃቀቁ ነው።

ሜሮፔነም ከአሞክሳሲሊን የሚበረታበት አንዱ ምክንያትም እዚህ ላይ ነው። ጎኑ ላይ ያለች ትንሽ ቅርንጫፍ፣ ሃይድሮክሲኤቲል የምትባለው፣ ያችን ውሃ ሥራዋን ታውካለች። ተራው ቤታ-ላክታሜዝ ሜሮፔነምን ይይዘዋል እንጂ ቶሎ መልቀቅ ያቅተዋል፤ ስለዚህ ራሱ ተይዞ ይቀራል። በ1996 አሜሪካ ውስጥ ከተወሰደ ናሙና የተገኘው፣ በ2001 ለዓለም የተነገረው ኬፒሲ የተባለው ኢንዛይም ግን ይለቃል። የሁለቱ ጎድጓዳ በዓይን ሲያዩት ይመሳሰላል። ልዩነቱ ምን ላይ ነው?

ይህን በማይክሮስኮፕ ማየት አይቻልም። ዶሮቲ ሆጅኪን በ1945 የፔኒሲሊንን ቅርጽ፣ ቀለበቷን ጨምሮ፣ በኤክስሬይ ያረጋገጠችበት መንገድ ዛሬም ለኢንዛይሞች ይሠራል፤ ውጤቱ ግን የቆመ ምስል ነው። ውሃዋ ስትንቀሳቀስ፣ ፕሮቶኑ ሲዘል አያሳይም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የተከፈተው በር የ1976ቱ የአሪየ ዋርሼልና የማይክል ሌቪት ሥራ ነው። ሐሳባቸው ለመናገር ቀላል ነው፦ ቦንዶች የሚበጠሱበትንና የሚሠሩበትን ጥቂት አቶም ውድ በሆነው በኳንተም ሕግ ማስላት፣ የቀረውን በሺህ የሚቆጠር የኢንዛይም አቶምና በዙሪያው ያለውን ውሃ ደግሞ በቀለለው በኒውተን ሕግ። የመጀመሪያ መሞከሪያቸው ላይሶዛይም ነበር፤ በእንባና በእንቁላል ነጭ ውስጥ ያለ፣ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚቆርጥ ኢንዛይም። ላይሶዛይምን ያገኘው ራሱ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ነው፤ ፔኒሲሊንን ከማግኘቱ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1922። ዋርሼል፣ ሌቪትና ማርቲን ካርፕለስ በ2013 የኬሚስትሪ ኖቤል ሲሸለሙ ምክንያቱ ይኸው የማጣመር ዘዴ ነበር።

ለሐኪም ቅርብ የሆነው እርምጃ የተወሰደው በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ነው። የአድሪያን መልሆላንድ ቡድን በ2014 ባወጣው ሥራ ስምንት ዘመዳም ኢንዛይሞችን ወስዶ ለእያንዳንዳቸው ሜሮፔነም የተጣበቀበትን ቅጽበት በኮምፒውተር አዘጋጀ፤ ከዚያ የመጨረሻዋን እርምጃ ብቻ፣ ውሃዋ መድኃኒቱን የምትቆርጥበትን፣ አሰላ። ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ጉልበት ዝቅ ያለባቸው እነማን ናቸው? ከፍ ያለባቸውስ? መልሱ በላቦራቶሪ ከሚታወቀው ጋር ገጠመ፤ ሜሮፔነምን የሚሰብሩት በአንድ ወገን፣ የማይሰብሩት በሌላ ወገን ተለዩ። በእኔ ዓይን በዚህ መስክ ከታዩት ሥራዎች ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄው ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። «መድኃኒቱ ከኢንዛይሙ ይገጥማል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። «ከገጠመ በኋላ ምን ይሆናል?» አለ።

ዘዴው የራሱ ልክ አለው። በሰውነት ሙቀት የአንድ ኬሚካዊ ምላሽ የጉልበት መሰናክል በ1.4 ኪሎካሎሪ በሞል ብቻ ከፍ ካለ ፍጥነቱ በ10 እጥፍ ይቀንሳል። ስሌቱ በ3 ኪሎካሎሪ ከሳተ እንግዲህ በመቶ እጥፍ ሳተ ማለት ነው። ስለዚህ ተንታኞቹ ፍጹሙን ቁጥር አያምኑትም፤ ዘመዳሞችን በአንድ ዓይነት መለኪያ አሰልፈው ማን ከማን እንደሚበልጥ ያያሉ። እንቅስቃሴውን የሚከታተለው ስሌትም ቢሆን በጣም አጭር እርምጃ ነው የሚራመደው፤ የአንድ ሰኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ለማሳየት 500 ሚሊዮን እርምጃ ይፈጃል። የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው አልፋፎልድ ከመጣ ወዲህ፣ በተለይ ከተሸለመበት ከ2024ቱ ኖቤል በኋላ፣ «ከእንግዲህ ቅርጹን ካወቅን ምን ቀረ?» የሚል አለ። ብዙ ቀርቷል። አልፋፎልድ የቆመ ቅርጽ ነው የሚሰጠው፤ አንድ አሚኖ አሲድ ሲለወጥ የሚመጣውን መዘዝ እንዲተነብይም አልተሠራም። የእኛ ጣጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያለው በአንድ አሚኖ አሲድ ላይ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ስሌቱ ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም ሞልቷል። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የኬሚስትሪ ክፍሎች የሚወጡ ብዙ ጽሑፎች አንድ መልክ አላቸው። የአንድ የባህል መድኃኒት ሥር ወይም ቅጠል ይፈጫል፣ ውህዶቹ አንድ በአንድ ይለያሉ፣ በሳህን ላይ በበቀለ ባክቴሪያ ይሞከራሉ፤ መጨረሻ ላይ «ዶኪንግ» ይጨመራል። ውህዱን በኮምፒውተር አንድ ፕሮቲን ጎድጓዳ ውስጥ አስገብቶ ምን ያህል እንደሚገጥም ነጥብ መስጠት ማለት ነው። የመለየቱ ሥራ ላብ የፈሰሰበት፣ የሚከበር ሥራ ነው። ዶኪንጉ ግን ብዙ ጊዜ ለጌጥ የገባ ይመስላል።

አንድ ደጋግሞ የሚመጣ ምሳሌ ልጥቀስ። ዒላማ ተደርጎ የሚመረጠው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ጋይሬዝ ቢ የሚባለው ፕሮቲን ነው፤ ለማነጻጸሪያ የሚቀመጠው ደግሞ ሲፕሮፍሎክሳሲን። ሠንጠረዡ ላይ የዕፁ ውህድ ይህን ያህል ነጥብ፣ ሲፕሮ ይህን ያህል፤ «ስለዚህ ውህዱ ከሲፕሮ የሚስተካከል ተስፋ አለው» ይባላል። ችግሩ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚሠራው እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ አለመሆኑ ነው። ሲፕሮ የሚሰካው ጋይሬዝ ዲኤንኤውን በቆረጠበት ቦታ፣ በዲኤንኤውና በጋይሬዝ ኤ መካከል ነው። ጋይሬዝ ቢ ላይ የተመረጠው ጎድጓዳ ኤቲፒ የሚገባበት፣ የሌሎች መድኃኒቶች በር ነው። ኮምፒውተሩ እንደሆነ አያፍርም፤ ያስገቡለትን ሁሉ ነጥብ ሰጥቶ ይመልሳል። ገምጋሚዎችም ያልፉታል፣ ተማሪውም ይመረቃል።

ቤታ-ላክታሜዝ ላይ ሲመጣ ደግሞ ዶኪንግ ብቻውን ጭራሹን ያሳስታል። ሴፍትሪያክሶን ከኢንዛይሙ ጋር ጥሩ አድርጎ መግጠሙ ለታማሚው የምሥራች አይደለም፤ የሚሰበረው ስለገጠመ ነው። ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ውህድ ኢንዛይሙን የሚዘጋ ይሁን የሚበላ ምግቡ ነጥቡ አይለይም።

አገሪቱ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች እነማን እንደሆኑ ማወቁ ከዚህ ይቀድማል። ከጎንደር በ2015 የወጣ ጥናት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ካለባቸው ታማሚዎች ከተለዩ 183 የአንጀት ባክቴሪያዎች 5ቱ የሜሮፔነምን ቤተሰብ የሚሰብር ኢንዛይም እንደሚያመነጩ አሳይቶ ነበር። ቁጥሯ ትንሽ ናት፤ ግን ሜሮፔነም በክልሉ ብርቅ በነበረበት ጊዜ የተገኘች ናት። በ2017 ከጅማ ኤንዲኤም-1 የተባለውን ኢንዛይም የያዙ ሦስት የአሲኔቶባክተር ናሙናዎች መገኘታቸው ተነገረ። በ2021 የወጣው፣ አዲስ አበባ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተካፈለበት የሰባት አገሮች የጨቅላ ሕፃናት ጥናት ደግሞ በሕፃናቱ ደም ውስጥ ክሌብሲየላ የተባለው ባክቴሪያ ምን ያህል እንደነገሠ፣ ስንት መድኃኒትም እንደተላመደ አሳየ። ዘረመላቸው በተነበበ የኢትዮጵያ ናሙናዎች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ስም ሲቲኤክስ-ኤም-15 ነው፤ ሴፍትሪያክሶንን የሚሰብረው እሱ ነው።

ሲቲኤክስ-ኤም-15 ከታላቅ ወንድሙ ከሲቲኤክስ-ኤም-3 የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። በ240ኛው ቦታ አስፓርቴት የነበረው ግላይሲን ሆነ። በዚህች ለውጥ የጎድጓዳው አፍ ላላ፤ ሴፍታዚዲም የተባለው ገዘፍ ያለ መድኃኒት በቀላሉ የሚሰበር ሆነ። ስሌት ከሚያምርባቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው፤ አንድ አሚኖ አሲድ ቀይሮ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድና ልዩነቱን ማየት። ግን ሳህኑ ላይ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሲቋቋም የሚያየው የላቦራቶሪ ባለሙያ 240ኛው ቦታ ላይ ማን እንደተቀመጠ በምን ያውቃል? ዘረመሉ ካልተነበበ አያውቅም። ዘረመሉ እንዲነበብ ጀርሙ መለየት አለበት። ጀርሙ እንዲለይ ናሙናው መወሰድ አለበት።

ሰንሰለቱ የሚበጠሰው እዚህ ነው። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከገጠር ቀበሌ የሚያወጣት መንገድ ከሌላት እናት ጋር ሲተያይ የሐሙሲት ሰው የታደለ ነው። ሆኖም የታማሚው ሽንት ወይም መግል ለካልቸር፣ ጀርሙን በሳህን አብቅሎ ለመለየት፣ የሚሄድበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ጤና ጣቢያ ካልቸር አይሠራም። ታማሚው ሆስፒታል ሲደርስ አንቲባዮቲክ ጀምሮ ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ ሳህኑ ላይ ምንም አይበቅልም። የደም ካልቸር ጠርሙስ ያልቃል፣ የመድኃኒት መፈተሻ ዲስክ ያልቃል። ውጤቱ ቢወጣም ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ያኔ ታማሚው ወይ ድኖ ሄዷል ወይ መድኃኒቱ ተቀይሯል ወይ… ከ2023 አጋማሽ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ መንገዱን ራሱን እርግጠኛ ያልሆነ ነገር አድርጎታል። ናሙና ከሰው ይልቅ መዘግየት አይችልም።

በመድኃኒት መደብሩ መስኮት ላይ «እቴ፣ ያችን ባለ ሁለት ቀለሟን ስድስት ፍሬ ብቻ ስጭኝ» የምትለዋን እናት ለመውቀስ ሁላችንም ቀዳሚ ነን። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ በሕግ መከልከሉ እውነት፤ ስድስት ፍሬ መድኃኒት ባክቴሪያ ማሠልጠኛ መሆኑም እውነት። ነገር ግን ወረቀት የያዘው ሐኪምም ቢሆን የሚያዝዘው በግምት ነው። ሴፍትሪያክሶን በሆስፒታሎቻችን ለሁሉ ነገር የሚታዘዘው ሐኪሙ ስለሰነፈ አይደለም፤ ከፊቱ ያለው መረጃ ከእናትየዋ መረጃ ብዙም ስለማይበልጥ ነው።

ይህ እጣ ፈንታ እንዳልሆነ የሚያሳይ ምስክር በዚያው በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አለ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ። ጂን ኤክስፐርት የተባለው ማሽን ከአክታ ውስጥ አንዲት አጭር የዘረመል ቁራጭ ወስዶ ጀርሙ ሪፋምፒሲንን መላመዱንና አለመላመዱን በሁለት ሰዓት ገደማ ይናገራል። ማሽኑ ወደ ክልል ሆስፒታሎች የገባው ገንዘብና ዕቅድ ስለተመደበለት ነው። ለሽንት፣ ለቁስልና ለጨቅላ ሕፃን ደም እንዲህ ያለ ጉዳይ ያዥ አልተገኘም።

ኢንዛይሙን በስሙ ማወቅ ለሐኪሙ ምን እንደሚጠቅም ኤንዲኤም ጥሩ ማሳያ ነው። ኤንዲኤም ቀለበቷን የሚወጋ ሴሪን የለውም። በጎድጓዳው ውስጥ ሁለት የዚንክ አቶሞች አሉ፤ በመካከላቸው የያዙት ውሃ ቀለበቷን በቀጥታ ይሰብራል፣ መጣበቅ ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ ሴሪኑን የሚዘጉት ክላቩላኒክ አሲድም አቪባክታምም አይነኩትም። ለስሌትም ፈተና ነው፤ በቀለለው የኒውተን ሕግ ዚንክን በትክክል መወከል ለሙያተኞቹ ራስ ምታት ነው። አንድ ቀዳዳ ግን አለው፤ አዝትሬኦናም የተባለውን የቆየ መድኃኒት መስበር አይችልም። «እንግዲያው አዝትሬኦናም እንስጥ» ቢባል ደግሞ ከኤንዲኤም ጋር በአንድ ባክቴሪያ ውስጥ አብሮ የሚኖረው ሲቲኤክስ-ኤም-15 አዝትሬኦናምን ይሰብረዋል። መልሱ ሁለቱን ማጣመር ሆነ፤ አቪባክታም ሲቲኤክስ-ኤምን ይዘጋል፣ አዝትሬኦናም ከኤንዲኤም ያመልጣል። አውሮፓ ይህን ጥምር መድኃኒት በ2024 ፈቀደች። ብልሃቱ የተገኘው የትኛው ኢንዛይም ምን እንደሚሰብር፣ ምን እንደማይሰብር በዝርዝር ስለታወቀ ነው። መድኃኒቱ ነገ ደብረ ታቦር ቢደርስ ለማን ይሰጥ ይሆን? ኤንዲኤም እንዳለበት የታወቀ ታማሚ ከሌለ ወይ ለሁሉ ይረጫል ወይ መደርደሪያ ላይ ጊዜው ያልፍበታል። ሁለቱንም በሌሎች መድኃኒቶች አይተናል።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ ሰበብ የለንም። የሲቲኤክስ-ኤም-15 ቅርጽ በፕሮቲን ዳታ ባንክ በነጻ ይገኛል፤ ፋይሉ ከአንድ የስልክ ፎቶ ያንሳል። እንቅስቃሴውን የሚያሰላው ግሮማክስ የተባለው ፕሮግራምም ነጻ ነው። ኢንዛይሙ ከነውሃው በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር አቶም ነው፤ ለዚህ ሱፐር ኮምፒውተር አያስፈልግም፣ ወጣቶች ጌም የሚጫወቱበት ዓይነት ጥሩ ግራፊክስ ካርድ በቀናት ውስጥ ይወጣዋል። መብራት ይጠፋል ለሚል ደግሞ፣ ፕሮግራሙ ካልነኩት በየ15 ደቂቃው የደረሰበትን ይመዘግባል፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። የኳንተሙ ክፍል ጠበቅ ያለ ዕውቀት ይፈልጋል። ግን ዕውቀቱ በወረቀትም በመምህርም የሚደርስ ነው፤ ለዶኪንግ ያዋልነውን ጊዜ ብናዛውርለት ይበቃል።

እንግዲህ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ወይም የባሕር ዳር አንድ ክፍል ሥራውን ከየት ይጀምር ቢባል፣ ከኮምፒውተሩ አይጀምር እላለሁ። በአንድ ሆስፒታል ብቻ፣ ሴፍትሪያክሶን እምቢ ካላቸው ታማሚዎች የተለዩት ባክቴሪያዎች እንዳይጣሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጡ። ማን ከየት እንደመጣ፣ ከሐሙሲት ይሁን ከእብናት፣ ምን መድኃኒት ወስዶ እንደነበር ይጻፍ። የተጠራቀሙት ዘረመላቸው እንዲነበብ ወደ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ወይም ወደ ኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላኩ። ከሚመለሰው ውስጥ የታወቀው ሲቲኤክስ-ኤም-15 ብቻ ከሆነ ስሌት አያስፈልግም፤ መልሱ ታውቋል፣ የሆስፒታሉ የመድኃኒት ኮሚቴ ሴፍትሪያክሶንን ለየትኛው በሽታ እንደሚያስቀር ይወስን። በአንድ ቦታ ላይ ያልታየ ለውጥ ያለበት ከተገኘ ግን ያኔ ሜሮፔነሙን አጣብቆ፣ ውሃዋን በቦታዋ አስቀምጦ፣ ትቆርጠው እንደሆነ ማስላት ነው።